አባቴ ያልቆረጧቸው ዛፎች

ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ከምትፈሰው ትንሽ ወንዝ ማዶ ያለው ተዳፋት የአባቴ አጽመ ርስት ነበር። «ነበር» ማለቱን እስካሁን አፌ አልለመደውም። አሁን የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሏል፤ ዙሪያውን ችካል ተተክሎበታል፣ ዘበኛም ቆሞለታል። አባቴ ወንዙን ተሻግረው መግባት አይችሉም፤ ዝንጀሮው ግን ወንዙን ተሻግሮ ወደ እኛ መምጣት ይችላል።

የአባቴ ወገኖች መሬት ማሳረፍ ያውቁበታል። አንዱ ማሳ ሲደክም ይተውታል፤ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ ቅጠል ረግፎበት አፈሩ ሲጠቁር ተመልሰው ይመነጥሩታል። ዋንዛና ብሳናው ግን መቼም አይነካም፤ ከብት ይጠለልበታል፣ ቀፎ ይሰቀልበታል። ጎረቤታችን በዚህ ይስቅብን ነበር። እሱ መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መንጥሮ በቆሎ የሚዘራ፣ ለጥርስ መፋቂያ የሚሆን እንጨት እንኳ ያላስተረፈ ሰው ነው። «እናንተ ቤት መሬቱ ይተኛል፣ ሰዉ ይራባል» ይላል። አባቴም «መሬት እንደ በሬ ነው፤ ካላሳረፉት ይወድቃል» ብለው ይመልሱለታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መጠለያው የት ድረስ እንደሚሆን የሚያጠና ወጣት ባለሙያ መጣ። እኔ ኑሮዬ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ያን ሰሞን ለእናቴ ሙት ዓመት ወርጄ ስለነበር ሁሉን በዓይኔ አየሁ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ልጁን ማዶ ወሰዱት።

«ይህን ዋንዛ ያዩታል ጌታየ? ቅድመ አያቴ ናቸው መጥረቢያ አይንካው ብለው የተናዘዙ። ያ ብሳና የአባቴ ቀፎ መስቀያ ነው። እኛ ባንጠብቀው ይህ ሁሉ ጉሬዛ የት ያድር ነበር?»

በእኛ አገር ርስት የሚመሰከረው እንዲህ ነው፤ ማን እንደተከለው፣ ማን እንዳተረፈው እየቆጠሩ። አባቴ በራሳቸው ቤት እየተሟገቱ ነበር። ልጁ በአክብሮት ሰማ። «ከታረሰ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ኮራ ብለው «ይኸኛውማ እኔ ጎጆ ከወጣሁ ጀምሮ አርፏል» አሉት። እኔም ከኋላቸው ቆሜ በሆዴ «እሰይ፣ በደንብ ይንገሩት!» እል ነበር።

ውሳኔው ሲነበብ ተዳፋቱ «ታርሶ የማያውቅ የተፈጥሮ ደን» ሆኖ ተገኘ። የመጠለያው ወሰን የእኛን ጠቅልሎ ወሰደና የጎረቤታችን በቆሎ ጋ ሲደርስ ታጥፎ አለፈ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

ከተማ ስለምኖር ቢሮ መመላለሱ የእኔ ዕጣ ሆነ። የመሬት ደብተራችንን ይዤ ሄድሁ። «ምትክ ይሰጣችኋል» አሉኝ። የት? «ይጠናል»። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ነገ ደግሞ ኃላፊው ተቀይረዋል። ሱቄን ዘግቼ ደጅ ስጠና ከርሜ ባዶ እጄን ወረድሁ። አባቴ «ተይው ልጄ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አናዶኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀፎዎቹን አውርዱ ተባሉ። አወረዷቸው። ከርከሮና ዝንጀሮ እየተሻገረ የጓሮውን በቆሎ ሲጨርስ መጮህ እንጂ መምታት አይቻልም። አባቴ ጉሬዛ ሲወዱ ለጉድ ነው፤ እኔ ግን ጠላሁት። ምንም የማያውቅ እንስሳ መጥላት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ጠላሁት ነው የምለው። ጎረቤታችንም መሳቁን ትቷል። ማታ ማታ መጥቶ እንደ ለቅሶ ደራሽ ከአባቴ ጎን ይቀመጣል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ስወርድ ገና ግቢያችን አጥር ጋ ሳልደርስ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ የጓሯችንን ዋንዛ ይቆርጣሉ። የቆመ ዋንዛ ሲቆርጡ በዕድሜዬ አይቻቸው አላውቅም። ላብ አጥምቋቸዋል።

«አባየ! ምን ሆነዋል?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ይችው ጓሮ ናት የቀረችን። ዛፍ ካዩባት ይመጣሉ።»

ለአንድ ዛፍ ብሎ ማንም አይመጣም ልላቸው ፈለግሁ። ግን እርግጠኛ ሆኜ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። መጥረቢያውን ከእጃቸው ተቀበልሁና የቀረውን እኔ ቆረጥሁት።