የወይራዋ ኤፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሠርግ ጥሪዋን ናሙና አምጥታ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። "አባዬ፣ እየው። ግን ስህተት ፍለጋ እንዳትጀምር!" አለችኝ። የሷና የእጮኛዋ የክፍሎም ስም በፈረንጅኛ፣ በዚያ ዘመም ባለ ቄንጠኛ ፊደል ታትሟል። ክፍሎም የሚለው ላይ ኤፏ አንገቷን አስግጋ ጎረቤቷ ኤል ላይ ተጠግታለች። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ኤፍና ኤል ጎን ለጎን ሳይ እጄን ያልበኛል።

በንጉሡ ጊዜ፣ ሾላ አካባቢ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን ከሳጥን አንድ ባንድ እየለቀምን ቃል እንደረድራለን። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ከወፍጮ ቤትም ከዳቦ ቤትም ተባርሬአለሁ፤ እናቴ ግን "ልጄ የፊደል ሠራተኛ ሆነ" ብላ ሰፈሩን አዳርሳለች። ከዚህም ከተባረርኩ የሚቀረኝ ሥራ መቀመጥ ብቻ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ከጣሊያን የመጣ አንድ ሳጥን ዘመም ያለ ፊደል ነበረው። እኛ "ሰካራሞቹ" እንላቸዋለን። አለቃችን ጋሽ በቀለ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው ሆኖ፣ እነሱን ግን እንደ ልጆቹ ነበር የሚወዳቸው። "ቀና ያለው ፊደል ይናገራል፤ ይሄ ያንሾካሹካል" ይላል። ኤፏን በተለይ አደራ ይለን ነበር። አንገቷ ከተሠራችበት እርሳስ አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከፊቷ እንደ ኤል ያለ ረጅም ፊደል ከመጣ መሃላቸው ስስ የእርሳስ ቁራጭ ካልገባ ቀጭ ትላለች። በትልቁ መጠን የቀረችን አንዲት ኤፍ ብቻ ነበረች።

ጥር ነው፤ የሠርግ ወር። ቅዳሜ ጧት ጋሽ በቀለ ቀብር ሊሄድ ሲነሳ አንድ ካርድ ሰጠኝ። የሙሽሮቹ ስም በትልልቆቹ ሰካራሞች ይሆናል፤ ሙሽራው ክፍሌ ይባላል። አባትየው ኤምባሲ ሹፌር ስለሆኑ ፈረንጆቹን ሊጠሩበት ነው። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዳሉ። ኤፏን!" አለኝና ወጣ።

ደረደርኩ። ስሷን እርሳስ ግን ረሳሁ። ድርድሩን በብረት ክፈፉ ውስጥ ሳጠብቀው፣ ቀጭ!

የተሰበረው የራሴ አንገት መሰለኝ። በዚያ መጠን ዘመምም ሆነ ቀና ሌላ ኤፍ የለንም፤ መዋሻም የለም። ድንገት የእናቴ ንስሐ አባት ትዝ አሉኝ። አባ ወልዴ እንጦጦ ሥር ተቀምጠው ለአድባራት የእንጨት ማህተም ይቀርጻሉ፤ ፊደል ገልብጦ መቅረጽ ያውቁበታል። የተሰበረችውን በወረቀት ጠቅልዬ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ ሮጥኩ። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች "ምን አባረረህ?" እያሉ ሳቁብኝ። "ገና ነው፤ ሰኞ ነው የምባረረው" ማለት አማረኝ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

አባ ፊደሏን ከነአንገቷ አገላብጠው አዩዋት።

"ምን ሆኖ ነው የተንጋደደው? ታሟል?"

"አፈጣጠሩ ነው፣ አባ።"

"ለምን ጉዳይ ነው?"

"ለሠርግ።"

"ለሠርግ!" ራሳቸውን ነቀነቁ። "በል ይሄን ገንቦ ይዘህ ምንጭ ውረድ። እላዬ ላይ ስትተነፍስ እጄን ታሰናክለዋለህ።"

ውሃ ቀድቼ ስመለስ የወይራ ኤፍ ቀርጸው በጨርቅ ጠቅልለው ጠበቁኝ። የሰጡኝን ቅቅል ድንች እንኳ መዋጥ አቅቶኝ ኪሴ ከተትኩት። ጥቅሉን ሳልፈታ ቁልቁል በረርኩ። ሞኝነቴ እሷ ላይ ናት።

ማተሚያ ቤት ደርሼ ስፈታው ኤፏ እንደ መቋሚያ ቀጥ ብላ ቆማለች። አባ አዝነውላት አቃንተዋታል! ስምንት ሰዓት አልፏል። ምን አደርጋለሁ? ስሷን እርሳስ አስገብቼ አተምኩ። ዘመም ባሉት መሃል አንዲት የቆመች።

ጋሽ በቀለ ገባ። ካርዱን አነሳ፤ አየኝ፤ ከኪሴ የሚፈረፈረውን ድንች አየ።

"ማን ነው የቀረጸው?"

"አባ ወልዴ።"

"አንተስ የት ነበርክ?"

"ውሃ ልቀዳ ወርጄ..."

ይሄን ስል የሙሽራው አባት ሹፌሩ ደረሱ። መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ወደ መስኮት ወሰዱት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ሁለት ጊዜ ሞቼ ተነሳሁ። ሦስት ጊዜ አነበቡት። "ውብ ነው!" አሉና ጥቅሉን ይዘው ሄዱ።

"አላዩትም" አልኩ በሹክሹክታ።

"ሰው ካርድ ላይ የሚያየው የራሱን ስም ነው" አለ ጋሽ በቀለ። "ሰኞ እንነጋገራለን።"

ያን እሑድ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። እናቴ "ያ የፊደል ሥራ ልጄን አከሳው" ስትል ለጎረቤት ሰማኋት። ሰኞ ስገባ ጋሽ በቀለ የሰካራሞቹ ሳጥን ላይ አጎንብሷል። የወይራዋን ኤፍ በባዶው ቤቷ አስቀመጠ፤ ከጎኗ ቁራጭ ስስ እርሳስ አኖረ። "አሁንም ቢሆን ኤል ስትመጣ ይሄን አስገባ" አለኝ። ስለ ሙከራ ጊዜ ያወራነው ይኸው ነው። እኔ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ፤ በኛ በኩል ያገባ ክፍሌ ሁሉ ስሙ ውስጥ አንዲት ቀጥ ያለች ፊደል ነበረችው።

የልጄን ካርድ ወደ መስኮት ወሰድኩት። በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ሁሉም እኩል ዘመም ብሏል፣ የማንም አንገት አልተሰበረም። ቢሆንም ኤፏን በጣቴ ዳሰስኳት።

"አባዬ፣ ስህተት አገኘህ እንዴ?"

"ቆይ" አልኳትና መነጽሬን አስተካክዬ ማየቴን ቀጠልኩ። የራሴን ስም እየፈለግሁ ነበር።