የጋሽ ታደሰ የለቅሶ ፎቶ

ዛሬ በፎቶ ጉዟችን መንደራ ቆጪ ሰፈር ስንደርስ ድንኳን ተጥሎ አገኘን። የሞቱት ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ባለፈው ወር ካሜራም ይሁን ስልክ የያዘ ሁሉ ለፎቶ ጉዞ ተጠርቶ በዚሁ ሰፈር ፎቶ እያነሳን ስንዞር፣ በራቸው ላይ አስቆሙን። ሱፋቸውን ለብሰው ወጡና፣ "ማሎ ልጆች፣ እባካችሁ፣ ለለቅሶዬ የምትሆን አንድ ፎቶ አንሱኝ። ኋላ ቸግሯቸው የመታወቂያዬን እንዳይሰቅሉ" አሉን።

ተሻምተን አነሳናቸው። እኔማ ፌስቡክ ላይ ለጥፌያቸው ላይኩ ጉድ ነበር።

አሳጥቦ የወሰደላቸው ግን የለም። እኔ ሌሎቹን አመንኩ፣ ሌሎቹ እኔን።

ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያሳደጉት ነው። የማኅተሙ ግማሽ ጉንጫቸው ላይ አርፏል።

ልጃቸው ካሜራዬን አይታ፣ "አባዬ ሲጠብቃችሁ ነበር እኮ" አለችኝ።

እናንተስ፣ እሰጣለሁ ብላችሁ ስልካችሁ ውስጥ የቀረ የማን ፎቶ አለ?