ጎማ ሳይሞቅ

ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ ነው። መኪናው ትንሽ ከሄደ ወይም ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ያለው ንፋስ ይሰፋና መለኪያው ይዋሻል። የጁባ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት አታውቅም። ስለዚህ ቡሉክ በሚባለው ሰፈር፣ በምሠራበት ሆቴል ግቢ ውስጥ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያዬን ይዤ ላንድክሩዘሩ ጎማ ሥር ቁጢጥ እል ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ጎማውን በእርግጫ መትተው «ደህና ነው» የሚሉ ዓይነት ስለነበሩ «ዶክተሩ በሽተኛ ሊያይ ተነሣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጎሚስታ ቤት የሚሰለፉት ግን እነሱ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ የፊተኛውን ግራ ጎማ ክዳን ፈትቼ መለኪያውን ስሰካ የግቢው በር ተከፈተ። ዘበኛው፣ የአገሩ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሮ «ናስ ታኪ ጃ» አለኝ፤ ሰዎችህ መጡ ማለቱ ነው። ቀና ስል የሆቴሉ ባለቤት፣ ንያኩሮን ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ፣ ከሸሪካት ሰፈርም አንድ የጴንጤ ሽማግሌ ተከታትለው ሲገቡ አየሁ። ጁባ ውስጥ ጴንጤና ኦርቶዶክስ በማለዳ በአንድ መኪና የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። መርዶ ለመንገር።

እናቴ አገር ቤት ታማ ተኝታለች። ሰሞኑን ስደውል ሁሉ «እንቅልፍ ወስዷታል» ነው የሚሉኝ። ማን እንደሞተ እንዲነግረኝ ማንም አላስፈለገኝም።

«እንደምን አደራችሁ፤ ይቺን ልጨርስ» አልኳቸው።

«ጨርስ ልጄ» አሉ እትዬ።

ምንም አልተሰማኝም። ሠላሳ ስድስት ማንበብ የነበረበት ሠላሳ ሦስት ይላል። መንፊያውን አምጥቼ በእግሬ ረገጥኩ፣ ለካሁ፣ ክዳኑን መለስኩና ወደ ቀኙ ዞርኩ። አፍ አውጥተው እስካልነገሩኝ ድረስ እናቴ አለች፤ የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር። የኋላዎቹ ሁለቱም ልክ ሆነው ሲገኙ ተናደድኩ። አንደኛውን ሆን ብዬ አስተንፍሼ እንደገና ሞላሁት። ከዚያ ለወራት ነክቼው የማላውቀውን ትርፍ ጎማ፣ እስኮርታውን፣ አወረድኩ። ሦስቱ እዚያው ቆመዋል፤ ፀሐይዋ ግቢውን ይዛዋለች። እስኮርታውን ሁለተኛ ልለካ ስል ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ሌላ ጎማ የለም ልጄ» አሉኝ።

ክፍሌ ገብተን አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታናሽ ወንድምህ…» አሉ፤ «ካረፈ ሦስት ሳምንቱ። የታመመው ሁለት ቀን ብቻ ነው።»

እትዬ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። እናቴ አለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወንድሜ ሞቶ ደስ አለኝ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደስታው ደቂቃም አልቆየም፤ ከሄደ በኋላ በምትኩ ምንም አልመጣም። ከእኔ እንባ እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን የለኝም።

«እናቴስ እንዴት ሆነች?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«እናትህ አልሰሙም» አሉ የሆቴሉ ባለቤት። «‹ወንድምህ የት ጠፋ?› ብለው እንዳይጠይቁህ ነው ዘመዶችህ በስልክ ያላገናኟችሁ። ለነገ ቲኬት ቆርጠንልሃል። ከሌላ ሰው አፍ ሰምተው በዚያ ሕመም አይችሉትም፤ አንተ ደርሰህ እንድታረዳቸው ነው የሚጠብቁህ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሬ «ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?» አልኳቸው።

«መጀመር አያስፈልግህም» አሉኝ። «በማለዳ ሲያዩህ ይገባቸዋል። አንተ በጎማው እንዳደረግኸው ያን ቀን የማለዳ ጸሎታቸውን ያረዝሙብሃል። እስኪጨርሱ ጠብቃቸው።»