ካሊድ የማለበት መሬት

ጣይባ ከኮምቦልቻ ወጣ ባለች መንደር አባቷን እየጦረች፣ መሬቱን እያሳረሰች ኖረች። ወንድሟ ካሊድ ደሴ ፒያሳ ላይ የጫማ ሱቅ ነበረው። ለዒድ ብቅ ይላል፣ ሥጋውን ይበላል፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው በየድንጋዩ እየተረማመደ ይመለሳል። አባትየው አልጋ ከያዙ በኋላ እሱም ቀረ። «ሽታው ያመኛል» አለ፤ ስለ ገዛ አባቱ።

ሽማግሌው በሞቱ በሳምንቱ ግን መሬት የሚለካ ሰው ይዞ ደረሰ። ጣይባ እምቢ ስትል ነገሩ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ቀረበ።

ካሊድ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አባቴን የጦርኩት እኔ ነኝ። ልብሱም መድኃኒቱም ከእኔ ኪስ ነው» አላቸው።

ውሸቱን የማያውቅ አልነበረም። ሼህ ተውፊቅ ያፍር እንደሆን ብለው «በቁርኣን ትምላለህ?» አሉት።

ተነሥቶ ውዱእ አደረገና ማለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሼሁ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ ፍርድ ቤት ሂጂ። እኛ እንመሰክርልሻለን» አሏት።

«ይተውት አባባ፣ ግማሹን ይውሰድ። ችሎት ቆሜ ይሄ ወንድሜ ነው ከምል መሬቱ ይቅርብኝ።»

ካሊድ የመረጠው በወንዙ በኩል ያለውን ለም ግማሽ ነው። ሊያርሰው እንዳይመስላችሁ። አፈሩን ለጡብ ሠሪ ሸጠው። ማሽላ ሰው የሚውጥበት ማሳ በአንድ በጋ ተቆፍሮ አለቀ፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ቋጠረ። ዳሩ ወደ ጣይባ ማሳ መናድ ሲጀምር እሷ ከጎረቤት ጋር ድንጋይ ተሸክማ እርከን ሠራች። ካሊድ ለወሬ እንኳ አልመጣም።

የመጣው ሱቁ ከከሰረ በኋላ ነው። ጣይባ አረም ላይ ነበረች።

«እህት ዓለም፣ ድርሻዬን መልሰሽ ያዢውና በየዓመቱ እህል ቁረጪልኝ። የአባታችን መሬት እኮ ነው።»

ቀና አላለችም። «የአባቴን መሬት ይሄው እያረምኩት ነው። ያ ጉድጓድ ያንተ ነው።»

ምሳ ግን አቀረበችለት፤ ለማንም መንገደኛ እንደምታቀርበው፣ አብራው ሳትቀመጥ። እሱም ሳያፍር ጠርጎ በላ።

ዛሬ ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «እህቴ ርስቴን ነጠቀችኝ» እያለ ያወራል። የማያውቁት ከንፈር ይመጡለታል፣ ሻይ ይጋብዙታል። ጣይባ ይህን ሲነግሯት ሥራዋን አታቋርጥም። «ይጠጣ» ትላለች።