ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ወንዳወቅ፣ ቡሬ ከተማ ትምህርት ቤት ሳለ፣ «የአዝማሪው ልጅ» ነበር የሚሉት። አባቱ አስናቀው ማሲንቆውን አንግቶ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ሰው ነበርና፣ ልጁ ያችን ስም ሲሸሽ አደገ። አዲስ አበባ ገብቶ ጊታር ሲይዝ መጀመሪያ የጣለው የአባቱን ስም ነው። ፖስተሩ ላይ «ወንዴ» ብቻ ተባለ። አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት «ገበሬ ነው» ይል ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሮክ ሲያስጮህ ኖረና ሰለቸው። አንድ ቀን የጥቁር አሜሪካውያኑን ብሉዝ ሲያዳምጥ፣ ይኼማ የእኛ እንጉርጉሮ ነው አለ። እውነቱን ነው። አዲሱን አልበም በእንጉርጉሮ ሞላው። ከሁሉም የተወደደው አባቱ፣ ሚስቱ እናኑ የሞተች ጊዜ፣ ያወጣው ዜማ ነበር። ወንዳወቅ የእናቱን ስም አወጣና «አንቺዬ» ብሎ ተካው፤ ሽፋኑም ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ ጻፈ። ለእናቱ ያንጎራጎረላት ሕዝብ ይመስል!

ጥር ላይ፣ የአልበሙን ወጪ የሸፈነው ነጋዴ ክንዱ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ወንድሙን ሲድር፣ ወንዳወቅን የክብር እንግዳ አድርጎ ወሰደው። ገና ዳሱ ውስጥ ከመቀመጡ ማሲንቆ ሰማ። ቀና ቢል አባቱ ነው። ሸምግሏል። «እናኑ» እያለ ያንጎራጉራል። ወንዳወቅ ልጁ መሆኑን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ እዚያ ማንም አልነበረም።

«አያ አስናቀው፣ ተሳሳቱ!» አለ አንዱ ሚዜ። «እናኑ አይልም፤ አንቺዬ ነው የሚለው። የወንዴ ዘፈን ነው፤ ባለቤቱም ይኸው!»

ሽማግሌው ልጁን አየው።

«የእርሳቸው ነው እንዴ?» አለ።

«ኧረ የሕዝብ ነው» አለ ክንዱ፣ ከስልኩ ላይ እያነበበ። «ግጥምና ዜማ፣ የሕዝብ።»

«የአባቴ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ወንዳወቅ አፉን ከፈተ፤ ዳሱ ሙሉ ሰው ሲያየው መልሶ ዘጋው። ድሮ በአባቱ ያፍር ነበር። አሁን ያፈረው በራሱ ነው።

አስናቀው ማሲንቆውን ገዘገዘ፦

«ያሳደግኋት ዜማ፣ ሸገር ገብታ ቀረች፤
አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ሕዝብ ነው አለች።»

ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ቅኔው የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መግቢያ ቀዳዳ አጣ። ሚዜው እጁን ጎትቶ አስነሣው፤ የክብር እንግዳ ሳይሸልም አይቀመጥም። ወንዳወቅ መቶ ብር አወጣና፣ የአባቱን ጉልበት መሳም ሲገባው፣ ላብ ያረጠበው ግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለ አስናቀው እጅ ነሥቶ። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «ላወድስዎ ነበር። ማን ልበልዎ? ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»



«ወንዴ» አለ ወንዳወቅ። «ወንዴ ይበቃል።»

አስናቀውም ያንን የሰው ልጅ አሳምሮ አወደሰው።