የማርያም ዕለት ስሌት

አባቴ ጉበታቸውን ታመው መደብ ላይ በዋሉበት ክረምት፣ እኔ የማስተርስ ጥናቴን ይዤ ጋይንት፣ ቤታችን ገብቼ ነበር። ሐኪሙ ጊዜያቸው አጭር መሆኑን አልደበቀንም፤ እሳቸውም ያውቁታል። «ምረቃሽን ሳላይስ አልሄድም» ይሉኝ ነበር። የእኔም ጭንቀት ይኸው ነበር፤ የጥናቴ ስሌት ቶሎ አልቆ እንዲደርሱልኝ።

የማጠናው እጅግ ስስ ነገር ነው፤ ውፍረቱ የአንድ የአቶም ንብርብር ያህል ብቻ። ኤሌክትሮኖቹ በውስጡ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ ብርሃን ሲያገኘው የትኛውን ቀለም ውጦ የትኛውን እንደሚያሳልፍ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ኮምፒውተሩ ከግምት ይነሣል፤ ያገኘውን መልስ ይዞ ደግሞ ያሰላል፣ መልሱ መለዋወጡን እስኪተው ድረስ። ለአባቴ ስነግራቸው «እንደ እርሻ ነዋ! ይታረሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል» አሉኝ። ኧረ ልክ እንደዚያው ነው ብዬ ሳቅሁ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ሞቷል፣ ካልተሰካ አይሠራም። ስሌቱን ይዞ ለሳምንታት ሲያጉረመርም ከረመ። በሐምሌ ማርያም ዕለት መድኃኒት ላመጣ ንፋስ መውጫ ከተማ ደርሼ ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ገመዱ ተነቅሎ፣ በደንብ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። «በማርያም ቀን! ገበሬው ሁሉ በሬውን ፈትቶ የእኛ ቤት ብቻ ሲሠራ ይዋል? በረዶ ቢወርድ የሰው ገብስ ያልቃል እኮ።»

እኛ አገር በበዓል የሠራ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል። ደሜ ፈላ። ግን በምን አፌ ልቆጣ? የታመመ ሰው፣ ያውም አባቴ። «ግድ የለም አባዬ» አልሁ፤ ድምፄ ግን አጋለጠኝ።

«ካቆመበት አይቀጥልም እንዴ?»

«አይ፣ ከመጀመሪያው ነው።»

 «ታዲያ እኔ እደርስበታለሁ?» አሉኝ።

 «ይደርሳሉ እንጂ!» አልሁ፣ እኔው ሳላምንበት።

እንደገና ጀመርሁ፤ አሁን የደረሰበትን እያስቀመጠ እንዲሄድ አድርጌ። ነሐሴ ሲገባ አባቴ ጎናቸውን ለማዞር እንኳ ሰው የሚፈልጉ ሆኑ። ማርያም ተመልሳ መጣች። ጠዋት፣ ሳይናገሩኝ ላጠፋው ሄድሁ።

«ተዪው» አሉኝ ከመደቡ።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት።»

«አውቃለሁ። ተዪው፣ ይሥራ። ለእመቤቴ ነግሬያታለሁ። በረዶውን በሰው ማሳ ላይ አታውርጂው፣ በእኔው ላይ አውርጂው ብያታለሁ።»

የእሳቸው ማሳ ከቤታችን በላይ ያለችው አንዲት የገብስ ቁራጭ ናት፤ የዓመት ቀለባችን። እጄን ከገመዱ ላይ አነሣሁ።

ስሌቱ ያለቀው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በረዶ አልወረደም። ገብሱን ጎረቤቶች ተሰብስበው አጨዱልን፤ የአርባቸው ጠላም ከእሱ ተጠመቀ።