የተረፈችው ብሎን

«ብሎን ከቤቱ ውጭ አያድርም» ይሉ ነበር አጎቴ። ዕድሜያቸውን ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ነበሩ። ዕቃ ባወረዱ ቁጥር የፈቱትን ብሎን እዚያው ቀዳዳው ላይ በጣታቸው መልሰው ያስሩታል።

ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ የአሮጌዋን ቮልሳቸውን ሞተር ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዙኛል። እኔ ችኩሏ ግን ምን አለበት ብዬ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሞተሩን መልሼ አስሬ ስጨርስ አንዲት ብሎን ጣሳው ውስጥ ቀረች። ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

«አንቺ ልጅ፣ የተረፈ አለ?»

«ኧረ ምንም የለም ጋሼ!»

«ጎበዝ!» አሉኝ። ለሰፈሩ ሁሉ «ሞተር አወረደች እኮ፣ አንድ ብሎን ሳታጠፋ» እያሉ አወሩልኝ። እኔም አፌን ይዤ ተመሰገንኩ።

አርባቸው በወጣ ማግስት፣ በቃ ቤቷ ልመልሳት ብዬ ያቺን ብሎን ይዤ መኪናዋ ስር ገባሁ። ባዶ የቀረ ቀዳዳ ግን አልነበረም። ሌሎቹ በዘይት ጠቁረው ሳለ አንዱ ቀዳዳ ላይ ብቻ አዲስ ብሎን ታስሯል።

ከወንበር ለመነሳት እንኳ ክንዴን ይደገፉ የነበሩት ሰው መቼ እዚያ ስር እንደገቡ አላውቅም። ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ስወጣ ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል።

«አለ ጋሼ» አልኩት ወንበሩን፤ «አንዲት ተርፋለች።»